የአስራ አንድ ሰዓቱ ደመና

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ስምንት ገበሬ በዋርካ ውሃ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ነበር። የሳቅና የቀልድ ሰልፍ ነበር። አምና ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ሰሊጣቸውን አጥቁሮባቸው ከስረዋል። ዘንድሮ ሠራተኛ የሚቀጥሩበት አጥተው ሲጨነቁ መንግሥት ለአጨዳና ለማራገፊያ የሚሆን ድጎማ ፈቀደላቸው። የባንኩ መስመር ወር ሙሉ ተቋርጦ ስለከረመ ገንዘቡ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጥሬው መጣና ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ባለው አረንጓዴ የብረት ሳጥን ተቆልፎበት አደረ።

ጥበቃው አባ አለነ በአንገታቸው ካሰሩት ክር ላይ ቁልፉን አውጥተው በሩን ከፈቱ። ክፍያውን እንዲፈጽም ከደጋ ከተማ የተላከው አቶ ደረበ የስም ዝርዝሩን በብብቱ ይዞ ተከትሏቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ከውስጥ ድምፅ ጠፋ።

«ምነው ቆያችሁ?» አለ ከሰልፉ አንዱ። «ገንዘቡን ልታስፈለፍሉት ነው?»

ሳቁ ሳያልቅ ደረበ ብቅ አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ሳጥኑ ባዶ ነው» አለ።

ኢንስፔክተር ዋሴ ከኮኪት በሞተር ሲደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ረጅምና ዝምተኛ፣ ከሰው ፊት ይልቅ መሬት መሬቱን የሚያይ ሰው ነው። ከኋላው ተፈናጥጣ የመጣችው ኮንስታብል ስርጉት ከደባርቅ ተዛውራ ቆላ ከገባች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። ከሞተሩ ስትወርድ መጀመሪያ የፈለገችው ጥላ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ በሩ ሳይሰበር የተከፈተ። ሳጥኑ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ወለሉ ላይ የተጨፈለቀ ጓጉንቸር፣ ከጎኑ የጡጫ ያህል ድንጋይ ወድቋል።

«በድንጋይ ሰብረው ነው የወሰዱት» አለ ደረበ። «ይኸው ድንጋዩ እንኳ።»

ዋሴ ተንበረከከና ጓጉንቸሩን አገላበጠው። ከዚያ ጓጉንቸሩ ይንጠለጠልበት የነበረውን የሳጥኑን ቀለበት፣ በዙሪያው ያለውን አረንጓዴ ቀለም በጣቱ ዳሰሰ። ቀለሙ ልሙጥ ነበር፤ አንድም ጭረት የለበትም። ጓጉንቸሩን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«የዚህ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ። ይኸው፣ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም» አለ ደረበ።

«የበሩስ?»

በር ላይ የተኮለኮለው ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። አባ አለነ ከዘራቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ይህን በር ሲጠብቁ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

«አባባ» አለ ዋሴ በቀስታ፣ «የበሩ ቁልፍ ስንት ነው?»

«አንድ ነው።»

«ትናንት ከእርስዎ ተለይቶ ነበር?»

ሽማግሌው የአንገታቸውን ክር በአውራ ጣታቸው አሹት። «አልተለየኝም።»

«ከበሩስ ሄድ ብለው ነበር?»

«አልተነቃነቅሁም።»

ዋሴ ብዙ ውሸታም አይቷል። የለመደው ውሸታም ዓይን ዓይንህን እያየ ነው የሚዋሽህ። ውሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ግን እንደ ሕፃን እግሩን ነው የሚያይ፤ አባ አለነም እግራቸውን እያዩ ነበር።

«አስራ አንድ ዓመት እኛን ጠበቀ፤ ዘንድሮ ራሱን ጠበቀ!» አለ አንድ ድምፅ ከውጭ።

«ሱዳን ገላባት ሳያሻግረው ቤቱን ፈትሹት እንጂ!»

ቤታቸው ተፈተሸ። ከጤፍ ማሰሮ እስከ አልጋ ሥር ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ዋሴ አባ አለነን ወደ ኮኪት ጣቢያ እንዲወስዷቸው አዘዘ። ነገ ከቀትር በፊት ሌላ ነገር ካልተገኘ ወደ ሸሕዲ ተልከው ክስ ሊመሠረትባቸው ነው።

አባ አለነ የጣቢያው መኪና ላይ ሲወጡ የዋሴን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ እስሩስ ይሁን። ሌባ ተብዬ ግን አልሙት።»

ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ የውባንች ማሳ ይጀምራል። ውባንች ባሏ የሞተባት፣ ድጎማውን ከሚጠብቁት አንዷ ናት። ሰሊጧ ታጭዶ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ በየክምሩ ቆሟል። እንዲህ የቆመውን ክምር የቆላ ሰው ሂላ ይለዋል። ነፋሱ ሲነካው ፍሬ የቋጠረው ደረቅ ቆባ ሁሉ በለሆሳስ ይንሾካሾካል። ዋሴ ይህን ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ ሰዎች ስለሱ የሚያወሩ ይመስለዋል።

ውባንች ርግብ ላይ ድንጋይ ትወረውራለች።

«ሂዱ! ምን ተገኝቶ ነው ዛሬ! ማሳው ሙሉ ሂላ ቆሞ እዚያች ላይ ብቻ ትረባረባላችሁ!»

ርግቦቹ ከፊተኛው መደዳ ሦስተኛዋ ሂላ ሥር ተነሥተው መልሰው እዚያው አረፉ።

«እትዬ ውባንች፣ ትናንት እንግዳ ሰው አይተው ነበር?» አላት ዋሴ።

«አላየሁም ጌታው። እንግዳ ማለት ይኸው እሳቸው ናቸው» አለች፣ ከኋላው ወደ መጣው ወደ ደረበ እያመለከተች። «አያ አለነ ሰረቀ ማለትን ግን ከአፌ አላወጣውም። እኔ ሲርበኝ ማሽላ የሰጠኝ ሰው ነው።»

ደረበ ራሱን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። ድጎማው ካልተገኘ ይቺን ሰሊጥ እንዴት ሊያደርጓት ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ሠራተኛ የምቀጥርበት የለኝ። ጎረቤት የራሱን እስኪጨርስ ሁለት ሳምንት ትቁምልኝ እንጂ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ? ማንም ሳይነካት?»

«ማን ይነካታል! ቆሜ እጠብቃታለሁ እንጂ።»

«አይዞዎት» አለ ደረበ፤ ኪሱን ዳብሶም መቶ ብር ሰጣት። ስርጉት ይህን አይታ ለዋሴ «ደግ ሰው ነው» አለችው። ዋሴ ርግቦቹን እያየ ነበር።

ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የአገኘሽ ሻይ ቤት አለ። በቆርቆሮ የተሸፈነች፣ አራት አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ከጀርባዋም ደረበ ያደረባት አንድ የእንግዳ ክፍል ያላት ቤት ናት። አገኘሽ እጇም አፏም አያርፍም።

«ሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አቶ ደረበ የት ነበር?» አላት ዋሴ።

«እዚሁ! ያቺ ወንበር ላይ። ሻይ ሲጠጣ፣ ወረቀት ሲያይ፣ ሙቀታችሁ ገደለኝ ሲል አመሸ። አንድ ሰዓት ላይ ምሳና ራቱን አንድ ላይ በላና ተኛ።»

«አልተነሣም?»

«ለመጸዳጃ እንኳ አልተነሣም። ከተሜ ሆዱ ጠንካራ ነው።»

«አንቺስ ወጣ ብለሽ ነበር?»

«የት እወጣለሁ እቴ? ደንበኛ ጥዬ?»

«ከቀዬው የጠፋ ሰውስ አለ?»

አገኘሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ የጎጃም ሳሉግ አለ፣ ቢያድግልኝ የሚሉት። ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ በሹፌሩ በኢሕሳን መኪና ተጭኖ ሸሕዲ ሄደ። ሳይሰናበተኝ! የሁለት ሻይ አለብኝ እያለ ሰላም ሲለኝ የኖረ ልጅ እንዴት ሳይሰናበት ይሄዳል?»

ስርጉት ደብተሯን ዘጋች። «ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው ተገኘ።»

«መንገዱ ተገኘ» አለ ዋሴ። «እንሂድ።»

ሸሕዲ የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሠራተኛና አሠሪ በሚገናኝበት ሜዳ፣ መቶ የሚሆን ሰው ፎጣ ተከናንቦ ተቀምጧል። ኢሕሳን መኪናውን በባልዲ ውሃ ያጥባል።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ የጫንኩት ሰሊጥ ቆራጭ ነው እንጂ ባንክ አይደለም» አለ፣ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ። «ኬላ ላይ ሁላቸውንም አውርደው ፈትሸዋቸዋል። ዘንድሮ ለኮንትሮባንድ ሲሉ ሎሚ እንኳ ሁለት ቦታ ቆርጠው ነው የሚያዩት። ልጁ ያውልህ፣ ሰማያዊ ቁምጣ የለበሰው።»

ቢያድግልኝ ፖሊሶቹን ሲያይ አልሮጠም። ጓደኞቹ ናቸው የተነሡት።

«ቢያድግልኝ፣ ገና ዛሬ ተከበርክ! በሴት ፖሊስ ታጅበህ!»

ስርጉት ፈተሸችው። ከቁምጣው ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ የብር ጥቅል አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአርባ ቀን ላቤ ነዋ!» አለ ቢያድግልኝ። «ያጨድሁላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራልሽ? መጀመሪያ አያ ታከለ…»

ዋሴ ብሮቹን አየ። ያረጁ፣ የተጣጠፉ፣ ላብ ያጠገባቸው ነበሩ። የድጎማው ገንዘብ ግን ከባንክ በማሰሪያው የወጣ አዲስ ነው። መለሰለት።

«ለምን ሳትሰናበት ወጣህ?»

«መኪናው ሲሄድ ነው የምንሄድ ጌታው። መኪና እኛን ይጠብቃል? አገኘሽ ከሳችኝ አይደል? ሁለቷን ሻይ እከፍላታለሁ።»

«ሰኞ ወደ ማታ የት ነበርህ?»

«ከአባ አለነ ጋ ሸራ ይዤ።»

ዋሴ ዓይኑን ከመሬት አነሣ። «የምን ሸራ?»

«ደመናው የመጣ ጊዜ ነዋ!» ቢያድግልኝ በፖሊሱ አለማወቅ ተገረመ። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከሱዳን በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። ቀዬው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ማሳው። ሕፃን ያዘለች እናት ሳትቀር ሸራ እየጎተተች ሮጠች። አባ አለነ መንገድ ላይ አገኙኝና ያን ጫፍ ያዝልኝ አሉኝ፤ ያዝሁላቸው። የተራገፈ ሰሊጥ መሬት ላይ ነበራቸው። ግማሽ ሰዓት ሸራው ላይ ተኝተን ከነፋስ ጋ ታገልን። ከዚያ ደመናው እንዳመጣጡ ሄደ። አንድ ጠብታ አልጣለም። ሃምሳ ብር እንካ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው!»

ሰኞ ኮኪት ላይ ዝናብ አልጣለም ነበር። ዋሴም ሰማይ አላየም፤ ቢሮ ውስጥ ነበር። ተማሪ ሳለ ግን ክረምት ባለፈ ቁጥር ሦስት ዓመት ወደዚህ ቆላ ወርዶ፣ ሰሊጥ አጭዶ የደብተርና የጫማ አውጥቷል። ደመና ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ያ ሁሉ ሰው ሲሮጥ መሬቱ ራሱ የሚሮጥ ይመስላል።

«ስርጉት» አለ፣ «ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዋርካ ውሃ ባዶ ነበረች። ይህን የነገረን ግን አንድም ሰው የለም።»

«ለምን ደበቁን?»

«አልደበቁንም። ከአንድ ሰው በቀር።»

ኮኪት ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አባ አለነ የቀረበላቸውን ምግብ አልነኩም።

«አባባ፣ ቢያድግልኝን አገኘሁት» አላቸው ዋሴ አጠገባቸው ተቀምጦ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያ አወቅህ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልጄ? ሁሉም ሮጠ ልበልህ? ሁሉም ጥበቃ አይደለማ። እኔ ብቻ ነኝ ለመቀመጥ የምከፈል። አምና ሰሊጤ ሲጠቁር ተቀምጬ አየሁት። ዘንድሮ እግሬ እንቢ አለኝ።»

«ቁልፉስ?»

«ጽሕፈት ቤቱን ከፍቼ ስጠርግ ነበር ደመናው የመጣ። በሩን ገፋ አድርጌ ሮጥሁ። ቁልፉን እዚያው ላይ ረሳሁት። ስመለስ በሩ እንደተገፋ፣ ቁልፉም እንደተሰካ አገኘሁት። ውስጡን እንኳ አላየሁም፤ ቆለፍሁና ተመስገን አልሁ። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሳጥን ጠበቅሁ።»

ዋሴ ምግቡን ወደሳቸው አስጠጋ። «ይብሉ። ነገ ብዙ ሥራ አለብን።»

ረቡዕ ማለዳ ዋሴ መጀመሪያ የሄደው ሻይ ቤት ነው። ደረበ ገና ከክፍሉ አልወጣም።

«አገኘሽ፣ ሰኞ አልወጣሁም ብለሽኝ ነበር።»

«አልወጣሁም!»

«ደመናው ሲመጣስ?»

«ደመናው ሲመጣማ ሰሊጤ ጋ ሄድኩ።»

«ታዲያ ወጣሽ አይደለም?»

አገኘሽ ማንኪያዋን ይዛ ቆመች። «ሰሊጥ መሸፈን መውጣት ነው እንዴ?!»

ስርጉት ልትስቅ ስትል ዋሴ በዓይኑ ገታት። «እሺ፣ አልወጣሽም። ስትመለሺ አቶ ደረበ የት ነበር?»

«እዚያችው ወንበር ላይ። ሻዩን ግን አልጠጣውም፤ ቀዝቅዞ ዝንብ ገብቶበት አገኘሁት። ሌላ ቀዳሁለት። እጁን ታጠበና ጠጣ።»

«ለምን ታጠበ?»

«አቧራ ነክቶት ነበር መሰለኝ።» አገኘሽ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ኢንስፔክተር… ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አቧራ ከየት ያመጣል?»

«ለማንም እንዳትናገሪ። ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

«አንድ ሰዓት!» አለች አገኘሽ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ።

ዋሴ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ውባንች ማሳ ሄደ። ርግቦቹ ዛሬም ያችኑ ሦስተኛዋን ሂላ ከበዋል። ጎንበስ አለ። ዙሪያዋን መሬቱ ነጭ ነበር፤ ሰሊጥ ፈሶ፣ ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶ ይጭናል። አጠገቧ ባለችው ሂላ ሥር ግን ጥቁር አፈር ብቻ ነው።

«እትዬ ውባንች፣ ሰኞ ይህን ፊተኛውን መደዳ ሸፍነውት ነበር?»

«የለም ጌታው። የተራገፈው ሰሊጤ ከወንዙ ማዶ ነበር፣ ወደዚያ ነው የሮጥሁት። ይህን እግዜር ይሸፍነው ብዬ ተውሁት። ሰውም አልነካው።»

ዋሴ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያው ፈገግታው ነበር።

አባ አለነ ከጣቢያው መኪና ሲወርዱ ቀዬው ተሰበሰበ። ትናንት የጮኹት ዛሬ ዓይናቸውን የት እንደሚጥሉ አላወቁም፤ ምንም ገና አልተነገራቸውምና። ደረበ ቦርሳውን አንግቶ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ወደ ከተማ ተመልሼ ሪፖርት ላቅርብ። መኪናም አግኝቻለሁ።»

«ትንሽ ይቆዩን አቶ ደረበ። ትናንት ለእትዬ ውባንች አዝነው ነበር። እኛም አዝነናል።» ዋሴ ወደ ሰዉ ዞረ። «የገንዘቡ ነገር ይደርሳል። ሰሊጥ ግን አይጠብቅም። የእትዬ ውባንችን ማሳ አሁኑኑ በደቦ እናራግፍላቸው። ሸራ አምጡ!»

«አሁን?» አለ ደረበ። «ሁለት ሳምንት ይቆማል ተብሎ አልነበረም?»

«ሠራተኛ ከጠፋ ነው የሚቆም። ይኸው ሠራተኛ!» አለች ውባንች፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት በደስታ።

ሸራው ተዘረጋ። ዋሴ ኮቱን አውልቆ ለስርጉት ሰጣት። «አቶ ደረበ፣ እስቲ የሸራውን ጫፍ ይያዙልኝ።»

ደረበ ያዘ። ቦርሳውን ግን ከትከሻው አላወረደም።

«ከየቷ ልጀምር?» አለ ዋሴ። «ከአንደኛዋ ልጀምር ወይስ ርግቦቹ ከመረጧት?»

መልስ አልጠበቀም። ከገበሬዎቹ ሁለቱን ጠርቶ ሦስተኛዋን ሂላ በቀስታ አቅፈው አነሧት፤ ሸራው ላይ አምጥተውም ደፏት። ሰሊጡ እንደ ለስላሳ ዝናብ ድምፅ እያሰማ ወረደ። ነዶውን አንዴ መታ መታ አደረጉት። ከመካከሉም በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ተንሸራቶ ጧ ብሎ ሸራው ላይ ወደቀ።

ዋሴ ፌስታሉን ገለጠው። አዲሱ ብር እንደታሰረ፣ ማሰሪያው እንኳ ሳይፈታ ተቀምጧል።

እልልታው ከአገኘሽ ጉሮሮ ጀመረ፤ ያን አንድ ሰዓት እንዴት እንደቻለችው እግዜር ይወቅ። ሰዉ ወደ ሸራው ሲጎርፍ ውባንች እጇን ዘርግታ ከፊቱ ቆመች።

«ሰሊጤን እንዳትረግጡ! ብሩ አይሄድም፣ ሰሊጤን!»

የዚያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። አባ አለነ ብቻ አልሳቁም፤ ከዘራቸውን ተደግፈው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ደረበ አልሸሸም። የት ይሸሻል? ሸራውን እንደያዘ ቁጭ አለ።

«እንዴት አወቅህ?» አለ፣ ዓይኑ ዋሴ ላይ።

ዋሴ ጓጉንቸሩን ከኪሱ አወጣ። «ሳጥን ላይ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር በድንጋይ ሲመታ ሳጥኑም ይጫራል። የናንተ ሳጥን ግን ጭረት አልነበረበትም። ስለዚህ ጓጉንቸሩ መጀመሪያ በቁልፍ ተከፈተ፤ ከዚያ ወለል ላይ ተጨፈለቀ። ቁልፉ ደግሞ ካንተ ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ግን ሻይ ቤት ነበርክ፣ ምስክር ነበረህ። ደመናው እስኪነገረኝ ድረስ እጄ ታስሮ ነበር።»

«ሂላዋንስ?»

«ሂላዋን ርግቦቹ ናቸው የነገሩኝ። የደረቀ ሰሊጥ ቆባው አፉን ከፍቶ ነው የሚቆም። እጅህን ስታስገባበት ያለቅሳል፤ ፍሬው ይረግፋል። እዚህ ያለ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ቢሆን የሰረቀው፣ ሰሊጥ ውስጥ ከመደበቅ ሜዳ ላይ ጥሎት ቢሄድ ይመርጥ ነበር።»

ደረበ አንገቱን ደፋ። «እኛ አገር የገለባ ክምር ውስጥ ያልተደበቀ ነገር የለም» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «አስቤበት አልመጣሁም። ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሮጠ። አገኘሽ እንኳ ጥላኝ ሄደች። ማዶ በሩ ላይ ቁልፉ ሲያበራ አየሁት። አገሩን ለኔ ለብቻዬ ትተውልኝ የሄዱ መሰለኝ። ኬላው ስለሚፈትሽ ይዤው አልወጣም፣ ነገሩ ሲበርድ ለሁለተኛው ዙር ክፍያ ስመለስ እወስደዋለሁ ብዬ…»

«ሽማግሌውስ?» አለችው ስርጉት። «ሲታሰሩ ቆመህ እያየህ?»

ደረበ እጁን ዘረጋ፤ ስርጉት በካቴና አሰረችው። ሲያልፍ ውባንች ከመቀነቷ መቶ ብር ፈትታ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«ያንተ ነው» አለችው። «እኔ የራሴ መጥቶልኛል።»

ዓርብ ሌላ ከፋይ መጣ። ክፍያው ሊጀመር ወንበርና ጠረጴዛ ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው ዋርካ ጥላ ሥር ቀርቧል። ሰልፉ እንደ ማክሰኞው ነው፤ ሳቁ ግን ረጋ ያለ፣ ከልብ የሆነ ነው። ያ «ራሱን ጠበቀ» ብሎ የጮኸው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አባ አለነን ጉልበታቸውን ስሟል። እሳቸውም በከዘራቸው ጀርባውን ቸብ አድርገው «አፍህን እንደ ነዶ ይሰርልህ» ብለውታል። ቀበሌው ተሰብስቦ ሥራቸው ላይ እንዲቀጥሉ ወስኗል፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቋቸዋል፣ ቁልፉ ከአንገታቸው እንዳይወርድ።

ዋሴ መዝገቡን ሊዘጋ መጥቶ ስለነበር ከስርጉት ጋር ዳር ቆሞ ያያል። አባ አለነ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ያልተከፈለው ገንዘብ ከጀርባቸው ሳጥኑ ውስጥ ነው። አዲስ ጓጉንቸር ተገዝቶለታል።

አስረኛው ሰው ስሙ ሲጠራ አልመለሰም። ከፋዩ ቀና አለ። ሰልፉ በሙሉ ወደ ምዕራብ ዞሮ ቆሟል።

ከሱዳን በኩል፣ ከአድማሱ ሥር፣ ትንሽ ጥቁር ነገር ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ የጥላ ያህል ነበር። ከዚያ ሰፋ። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ።

«ሸራ!» አለ አንድ ሰው።

ሰልፉ ፈረሰ። አገኘሽ ማንቆርቆሪያዋን ጥላ ሮጠች። ውባንች ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንዙ ማዶ በረረች። ከፋዩ እስክሪብቶውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀዬው ውስጥ ዶሮና አቧራ ብቻ ቀረ።

አባ አለነ አልተነሡም። ሁለት እጃቸው ወንበሩን ግራና ቀኝ ጨብጦታል። ዓይናቸው ግን ከደመናው ሥር ባለችው ማሳቸው ላይ ነበር፤ እግራቸውም ሳያውቁት መሬቱን ይመታ ነበር።

ዋሴ አጠገባቸው መጣ። «አባባ፣ ስንት ኩንታል ነው ያለው?»

«አራት ይሆናል። አምስትም ይሞላል እንጃ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ተወው ልጄ። ጥበቃ ነኝ።»

ዋሴ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።»

ሽማግሌው አዩት። ከዚያ ክሩን ከአንገታቸው ቀስ ብለው አወጡና በኢንስፔክተሩ አንገት ላይ አጠለቁት፤ እንደ ልጃቸው ኮሌታውንም አስተካከሉለት።

«እንዳትነቃነቅ» አሉት።

«አልነቃነቅም።»

«ስርጉት፣ አንቺም ያን የሸራ ጫፍ ያዢላቸው!» አለ ዋሴ። ልጅቷ ኮፍያዋን አውልቃ ከሽማግሌው ኋላ ሮጠች። ከዘራው በሩ ላይ ተደግፎ ቀረ።

ዋሴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሜዳው ሙሉ በየማሳው ሸራ ሲዘረጋ፣ ነጭና ሰማያዊ ሲወዛወዝ፣ ሰው በሰው ስም ሲጠራራ ይሰማዋል። ከሩቅ የአባ አለነ ድምፅ መጣ፣ «ያዢ ልጄ፣ በጉልበትሽ ተንበርከኪበት!» ሲል።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የጽሕፈት ቤቱን ቆርቆሮ መታች፤ ሁለተኛዋም ተከተለች። ማሳው ላይ አንድም ያልተሸፈነ ነገር አልነበረም።